ልጆችን ስለ ውሃ አደጋ ማስተማር፦ ለጎንደር ወላጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ላይ ትምህርት የሚዘጋው ወንዞቹ በሚሞሉበት ሰሞን ነው። ሰኔ ላይ ልጆች ደብተራቸውን አስቀምጠው ሲወጡ ቀሃና አንገረብ መደፍረስ ይጀምራሉ። ሐምሌና ነሐሴን ልጁ ሥራ ፈትቶ፣ ውሃው በርትቶ ይከርማሉ። ሽንታ አለ፣ በአዘዞ በኩል መገጭ አለ፣ የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚመጣበት የአንገረብ ግድብ አለ፤ በየሰፈሩ ደግሞ ለቤት መሠረት ተቆፍሮ ሳይሞላ ክረምት የደረሰበት ጉድጓድ አይጠፋም።

ለዚህ ሁሉ አብዛኛው ቤት ያለው ትምህርት «ወንዝ እንዳትሄድ!» የሚል ብቻ ነው። መባሉ ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን ልጅ አያድንም። ልጅ ይሄዳል። ኳሱ ይሄድበታል፣ ጓደኛው ይጠራዋል፣ እኛው ራሳችን ጀሪካን አስይዘን እንልከዋለን። ከውሃው ዳር ከደረሰ በኋላ ምን ማየት፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ካልተነገረው «እንዳትሄድ» የተባለው ነገር የሚያስታውሰው ዱላውን ብቻ ነው። ዱላውን የፈራ ልጅ ደግሞ ጓደኛው ሲሰምጥ ሮጦ ሰው ከመጥራት ይልቅ ሮጦ ይደበቃል። በእኔ እምነት በውሃ አደጋ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ አንድ ሰው ደርሶ ሊያድነው የሚችልባቸው ጥቂት ደቂቃዎች በፍርሃት ያልቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ውሃ ውስጥ ሰምጦ ሞቷል። ከእነዚህ ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው፤ ከአሥሩ ዘጠኙ ሞት የሚደርሰው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የተባበሩት መንግሥታት የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ብሎ የሰየመው ጁላይ 25 በእኛ ሐምሌ 18 ላይ ይውላል፤ ወንዞቻችን ጢም ብለው በሚሞሉበት ሳምንት ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ከሰኔ በፊት ብትጀምሯቸው ይመረጣል።

ደረጃ 1፦ ከቤት ጀምሩ

ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቤት ሁሉ ያጠራቅማል። በርሜል፣ ሮቶ፣ ባልዲ፣ ልብስ የተዘፈዘፈበት ሳፋ፤ ድክ ድክ ለሚል ሕፃን አደጋው ከወንዙ በፊት እዚህ ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከቀረው ሰውነቱ አንጻር ከባድ ስለሆነ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብሎ ከተደፋ ራሱን ማቃናት አይችልም። አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። ድምፅም አያሰማም።

ስለዚህ ባልዲና ሳፋ ሥራው እንዳለቀ ይደፋና ይገልበጥ። በርሜል ክዳን ይኑረው፤ በክዳኑ ላይ ሕፃን የማያነሳው ድንጋይ ይቀመጥበት። የሮቶ መሰላል ከሮቶው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይዋል።

ከዚያ ሰፈሩን ዙሩ። የተቆፈረ መሠረት፣ ድንጋይ ወጥቶበት ውሃ ያቆረ ጉድጓድ፣ አሸዋ የተዛቀበት የወንዝ ዳር፣ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ መውረጃ፤ ሁሉንም በዓይናችሁ ያዙ። የጉድጓዱ ባለቤት የሚታወቅ ከሆነ በወግ አነጋግሩት። «ጋሼ፣ ግንባታው እስኪጀመር ድረስ ይቺን ጉድጓድ በቆርቆሮ እንክለላት፤ ልጆቹ እንዳይገቡባት» ሲባል እምቢ የሚል ጎረቤት ጥቂት ነው። ካልሆነ እድር ላይ ይነሣ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ከመትከሉ በፊት ለአጥር አምስት ቆርቆሮ ቢያዋጣ ምን ይከብደዋል?

ደረጃ 2፦ ውሃውን ከልጁ ጋር ሄዳችሁ እዩ

ይህን በቃል ብቻ ማስተማር አይቻልም። ሁለት ጊዜ ውሰዱት፤ አንዴ በበጋ፣ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ አንዴ ሐምሌ ላይ። በሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ ቦታ።

በበጋው ጉብኝት የወንዙን ወለል አሳዩት። የትኛው ጋ ድንጋዩ እንደተሸረሸረ፣ የትኛው ጋ አሸዋ ወጥቶ የሰው ቁመት ያለው ጉድጓድ እንደተፈጠረ፣ የዛፍ ሥር የት እንደተንጠለጠለ ይይ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ምረጡና «ይህን ድንጋይ አስታውስ» በሉት። ሐምሌ ላይ ከድልድይ ላይ ሆናችሁ ድንጋዩን እንዲፈልግ ጠይቁት። አያገኘውም። ጉድጓዱንም አያገኘውም፤ ሁሉም በአንድ ቀለም ድፍርስ ውሃ ተሸፍኗል። ልጁ ያን ጊዜ ከማንም ንግግር በላይ ይገባዋል፤ የሚያውቀው ወንዝ ክረምት ላይ የማያውቀው ወንዝ ሆኗል።

ድልድዩ ላይ እንዳላችሁ አራት ነገር እንዲያነብ አስተምሩት።

ቀለሙ። ጥርት ያለው ውሃ በድንገት ቡናማ ከሆነ ከላይ አፈር እየታጠበ ነው ማለት ነው።

ድምፁ። ከወትሮው የበረታ ጉርምርምታ ከላይ በኩል ከተሰማ ውሃው ከመታየቱ በፊት መውጣት ነው።

የሚንሳፈፈው። ቅጠል፣ ጭራሮ፣ አረፋ፣ የጫማ ቁራጭ መምጣት ከጀመረ ከበስተኋላው ደራሽ ጎርፍ አለ።

ከፍታው። ዳር ላይ ያለ አንድ ድንጋይ ወይም የተተከለ እንጨት ይመልከት፤ ውሃው ወደ ላይ ከወጣ መጠበቅ የለም።

ከእነዚህ አንዱን ያየ ልጅ ዕቃውን ሳይሰበስብ በአቅራቢያው ወዳለው ከፍ ያለ ዳር ይወጣል። ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ ከንቱ ነው፤ ውሃው ይቀድመዋል። ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ነው የሚኬደው።

ደራሽን በተመለከተ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ንገሩት፦ እዚህ ፀሐይ መሆኑ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ወንዞቻችን የሚመጡት ከከተማው በላይ ካለው ደጋ ነው። ከሰዓት በኋላ በሰሜን በኩል ሰማዩ ከጠቆረና ነጎድጓድ ከተሰማ፣ ራሳችን ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊመጣብን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሰው የሚወሰደው በዚህ ነው፤ ዝናብ የለም ብሎ ተዘናግቶ።

የውሃውን ጉልበትም በዓይኑ ይይ። አንድ ደረቅ እንጨት ከድልድዩ ላይ ጣሉና «ሮጠህ ትደርስበታለህ?» በሉት፤ እየቆጠረ እስኪሰወር ይከተለው። ከዚያ አስረዱት፦ በፍጥነት የሚወርድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ፣ ማለትም ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ሲል፣ አዋቂን ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አብዛኛውን የቤት መኪና ያንሳፍፋል። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። «እስከ ጉልበት ነው» የሚለው ንግግር ስለዚህ በክረምት ዋጋ የለውም። ትናንት የተሻገሩበት መልካ ዛሬ መልካ ላይሆን ይችላል፤ ድልድይ ዞሮ ለመሄድ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ዞሮ ይሂድ። ወንዝ ሞልቶ ትምህርት ቤት ወይም ቤት ዘግይቶ የደረሰ ልጅ አይገሠጽ።

የቆመ ውሃ ሌላ ትምህርት ይፈልጋል

ግድብና ኩሬ ዝም ያሉ ስለሆኑ ልጅ ይንቃቸዋል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለእነዚህም ነው። የአንገረብ ግድብ ለዓመታት ደለል ሲገባበት መኖሩን የከተማው ሰው ያውቃል። ለልጁ ግን ደለል ማለት ምን እንደሆነ ይነገረው፦ ዳር ላይ ደረቅ መሬት የሚመስል ነገር ሲረገጥ እስከ ጉልበት ይውጣል፤ አንዱን እግር ለማውጣት ሌላውን ሲያስደግፉ ሁለተኛው ይገባል። ለዚህ መድኃኒቱ አለመታገል ነው። ወደ ኋላ ጋደም ብሎ ክብደትን ማስፋት፣ እግርን በቀስታ እያወዛወዙ ማላቀቅ፣ ከዚያ በደረትና በክንድ እየተሳቡ መውጣት። ይህን እንቅስቃሴ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ላይ አለማምዱት።

ውሃ ያቆሩ የድንጋይ ማውጫ ጉድጓዶች ደግሞ ዳራቸው ቀጥ ያለ ነው። አንድ እርምጃ ወገብ፣ ቀጣዩ እርምጃ ከራስ በላይ። የገባ ልጅ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። እነዚህ ቦታዎች ለማንም፣ ዋና ለሚችልም ጭምር፣ ክልክል መሆናቸውን ያለ ማመንታት ተናገሩ።

ለሽርሽር ጎርጎራ የምትወርዱ ከሆነ፦ ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበል ይሠራል። የጀልባ ጉዞ ጠዋት ይሁን፣ ልጁ በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ካልተገኘለት አይሳፈር። ጉማሬ ባለበት ዳርቻ በማለዳና በማታ ልጅ አይቅረብ። ቢልሃርዝያ በጣና ዳርና በአካባቢያችን ጅረቶች ስላለ፣ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ልጅ በጤና ጣቢያ ቢመረመር ጥሩ ነው።

ደረጃ 3፦ ውሃ የወሰደው ዕቃ ዕዳ እንደሌለበት ቃል ግቡለት

ልጆች ወደ ውሃ የሚገቡት ለዋና ብቻ አይደለም። ኳስ ወድቆባቸው፣ አንድ እግር ጫማ ተወስዶባቸው፣ ስትቀዳ የነበረችው ልጅ ጀሪካኗ አምልጧት፣ ከከተማ ወጣ ባለው በኩል ደግሞ እረኛው ጥጃው ሲወሰድበት እያየ። በእያንዳንዱ ጊዜ ልጁ የሚያስበው ውሃውን ሳይሆን ቤት ሲገባ የሚጠብቀውን ቁጣ ነው።

ስለዚህ ልጁን አስቀምጣችሁ፣ አባትም እናትም ባላችሁበት፣ እንዲህ በሉት፦ «ውሃ የወሰደውን ምንም ነገር አትከተል። ኳስ ይሁን፣ ጫማ ይሁን፣ ጀሪካን ይሁን፣ በግም ይሁን። ባዶ እጅህን መጥተህ ‹ውሃ ወሰደብኝ› ካልክ አንመታህም፣ አንቆጣህም።» ከዚያ ጠይቁት፤ «አዲሱ ጫማህ ቢሆንስ?» «የጎረቤት በግ ቢሆንስ?» ልጆች ቃሉ የት ድረስ እንደሚሠራ መፈተን ይወዳሉ፤ ይፈትኗችሁ፣ መልሳችሁ አይለወጥ። ቀኑ ሲመጣ ደግሞ ቃላችሁን ጠብቁ። ጀሪካን ጠፍቶ የተገረፈ አንድ ልጅ ካለ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሰማዋል፤ ቃላችሁም ያን ቀን ይፈርሳል።

ሁለተኛው ቃል ኪዳን ከዚህ ይከብዳል፦ ተከልክሎም ቢሄድ፣ ችግር ከተፈጠረ መጥቶ ቢናገር አይቀጣም። አንዳንድ ወላጅ ይህ ልጅን ያባልጋል ይላል። እኔ አልስማማም። ቅጣቱን መተው ያለባችሁ ለመናገሩ ነው፤ መሄዱን በሌላ ቀን፣ ሁሉም ሰው በሕይወት ካለ በኋላ፣ ተቀምጣችሁ ልትነጋገሩበት ትችላላችሁ።

ደረጃ 4፦ የሚሰምጥ ሰው ምን እንደሚመስል አሳዩት

ልጆች የሚሰምጥ ሰው የሚጮህና እጁን የሚያውለበልብ ይመስላቸዋል። በእውነቱ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። አፉ ከውሃው በላይና በታች ስለሚመላለስ ለመጮህ የሚሆን ትንፋሽ የለውም። እጆቹ በጎንና በጎን ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ ለማውለብለብ ወደ ላይ አይነሡም። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ዓይኑ ፈጥጦ የትም አያይም። ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ያህል ብቻ ሊቆይ ይችላል።

ቤት ውስጥ እናንተው ሠርታችሁ አሳዩት፤ ቆማችሁ አገጫችሁን አቅንታችሁ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እየተጫናችሁ፣ ሳትናገሩ። ከዚያ ጓደኛው ውሃ ውስጥ ሆኖ ዝም ካለ «ደህና ነህ?» ብሎ እንዲጣራ ንገሩት። መልስ ከሌለ ጨዋታ አይደለም።

ለአዋቂዎችም ይህ ይሠራል። ቅዳሜ ልብስ ለማጠብ ወንዝ የሚወርዱ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያጥባል፣ ሁሉም ሌላዋ የምታይ ይመስላታል። ከመካከላቸው አንዷ በተራ ምንም ሳታጥብ፣ ስልክም ሳትነካ፣ ልጆቹን ብቻ ትይ።

ደረጃ 5፦ ሳይገቡ ማዳንን አለማምዱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። የሚሰምጥ ልጅ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል፤ ሊያድነው የገባውን ወንድሙን አንገቱን ይዞ ይወጣበታል። ሁለትና ሦስት ልጅ በአንድ ቀን የሚጠፋው በዚህ ነው፤ አንዱ ወደቀ፣ ሌሎቹ በፍቅር ገቡ። ጓደኛውን የሚወድ ልጅ እንዳይገባ መከልከል ብቻ ጭካኔ ሆኖ ስለሚሰማው አይቀበለውም። ከመግባት ሌላ የሚሠራው ነገር ስጡት።

ቅደም ተከተሉ፦ ጩኽ፣ ዘርጋ፣ ወርውር፣ ሮጠህ ጥራ።

ጩኽ ማለት ሙሉ ድምፁን አውጥቶ «ሰው ሰመጠ! ድረሱ!» ማለት ነው። ይህንም አለማምዱት፤ ጨዋ ልጅ መጮህ ያፍራል። ግቢ ውስጥ እስኪያስቃችሁ ድረስ ይጩህ።

ዘርጋ ማለት መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ እንጨት፣ ሽመል፣ ቅርንጫፍ፣ የተጠማዘዘ ነጠላ ወይም ጋቢ ማቀበል ነው። መተኛቱ ግዴታ ነው፤ ቆሞ የዘረጋ ልጅ ተጎትቶ ይወድቃል። ሌላ ልጅ ካለ እግሩን ይያዝለት። የሰመጠው ከጎተተና ዳሩ ከተንሸራተተ እንጨቱን ይልቀቅ፤ መልቀቅ ክህደት አለመሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ወርውር ማለት የሚንሳፈፍ ነገር መጣል ነው። እዚህ ላይ ሀብታሞች ነን፤ በየቤቱ ጀሪካን አለ። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን አንድን ሰው አንገቱን ከውሃ በላይ ይዞ ያቆያል፤ የ5 ሊትሩም ለልጅ ይበቃል። ከሌለ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ክዳናቸው ተከድኖ በፌስታል አንድ ላይ ይታሰሩ። ለመወርወር እንዲያመች ጀሪካኑ ውስጥ አንድ ሁለት ብርጭቆ ውሃ መተው ጥሩ ነው፤ ፍጹም ባዶ የሆነ ጀሪካን ነፋስ ይወስደዋል። ገመድ ካለ እጀታው ላይ ይታሰር። የሚወረወረው ወደ ፊቱ ሳይሆን አልፎት እንዲወድቅ ነው፣ በወራጅ ውሃ ከሆነ ደግሞ ከእርሱ በላይ በኩል፣ ውሃው ራሱ እንዲያደርስለት።

ልምምዱ እንዲህ ይካሄድ፦ ግቢ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ አምስት ስድስት እርምጃ ርቀት ላይ አንድ ልጅ ቁጭ ይበል፤ ሌላው ገመድ ያለው ጀሪካን ይወርውርለት፤ የተቀበለው ደረቱ ላይ ያቅፈው፤ ወርዋሪው ተኝቶ ይሳበው። ይቀያየሩ። የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ጥሯቸው፤ ብቻውን የተማረ ልጅ የሚሰምጠው እርሱ የሆነ ቀን የሚያድነው የለም።

ለራሱ ደግሞ፦ ውሃ ከወሰደው በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ውሃው ወደሚወርድበት አቅጣጫ አስቀድሞ ይያዝ፤ ድንጋይ ከመጣ በእግሩ ይግፋ። ወራጁን ፊት ለፊት አይታገል፤ በሰያፍ ወደ ዳር ይቅዘፍ። ውሃው ውስጥ ለመቆም አይሞክር፤ እግሩ ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ወራጁ ገፍቶ ይደፋዋል።

ዋና ማስተማር ይጠቅማል፣ መንገድ ካገኛችሁ አስተምሩ። መጀመሪያ የሚማረው ግን በጀርባ መንሳፈፍ ይሁን። በጠራ ገንዳ ዋና የሚችል ልጅ የክረምት ወንዝን እችላለሁ ብሎ እንዳያስብ በግልጽ ይነገረው።

ደረጃ 6፦ በዓላቱን ለብቻ አስቡባቸው

በጥምቀት ቀሃ ተጠልፎ የፋሲል መዋኛን ይሞላል። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚያዩት ገንዳ ከከተራ በፊት ሲሞላ ልጆች ይጓጓሉ። ጥር 11 ጠዋት ውሃው ተባርኮ ወጣቶች ሲዘሉ ደስታው ልብ ይሞላል፤ የልጁ ቦታ ግን ከጠርዙ ራቅ ብሎ፣ እጁ በአዋቂ እጅ ነው። ምክንያቱን ንገሩት፦ የጥር ሌሊት ቅዝቃዜ ያደረበት ውሃ በድንገት ሲነካ ትንፋሽ ይቆርጣል፣ ሰውም ሳይፈልግ አፉን ከፍቶ ይስባል። የጠርዙ ድንጋይ ረጥቦ ያንሸራትታል፣ ከኋላ ሕዝቡ ይገፋል፣ ዘሎ የገባው ሰው ቀድሞት በገባው ላይ ሊያርፍ ይችላል። በረከቱ በሚረጨው ጸበልም ይደርሰዋል። ከመውጣታችሁ በፊት የምትገናኙበትን ቦታ አሳዩት፣ ስልክ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱ።

ጳጉሜም አለች። በንጋት ወንዝ ወርዶ መታጠብ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ወንዞቹ ግን ጳጉሜ ላይ ገና አልጎደሉም፣ ጨለማውም አልገፈፈም። ልጅ ይዛችሁ የምትወርዱ ከሆነ ብርሃን ይጠብቁ፣ ከዳር ሆኖ በጣሳ እየተቀዳ ይፍሰስበት። የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ላይ ልጆች መሮጣቸው ውብ ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ ይሩጡ፣ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ዳር አይደለም።

ደረጃ 7፦ ከውሃ ከወጣ በኋላ

ይህ ለአዋቂና ከ12 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ነው። የወጣውን ልጅ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል፣ ሆዱን መጫን፣ ውሃ ይውጣለት ብሎ ማንከባለል ጊዜ ያባክናል፤ ከሆዱ የሚወጣው ነገርም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የጎደለው አየር ነው።

በጀርባው ጠንካራ መሬት ላይ አስተኙት። ግንባሩን ይዛችሁ አገጩን ቀና አድርጉ። የማይተነፍስ ከሆነ አፍንጫውን ይዛችሁ አፍ ለአፍ 5 ጊዜ እፍ በሉ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እያያችሁ። ካልነቃ ደረቱ መሃል ላይ፣ የደረቱን ውፍረት ሲሶ ያህል እስኪገባ፣ 30 ጊዜ ተጫኑ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። ከዚያ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ። ሌላ ሰው የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ይጥራ፣ መኪናም ይፈልግ። መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ አስተኙት፣ እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ በጋቢ ጠቅልሉት። ተነሥቶ ቢጫወትም ሐኪም ይየው፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል።

ደረጃ 8፦ ወደ ብርድ አገር ለሚሄዱ ልጆች

ከጎንደር ወደ ካናዳ፣ ወደ ስዊድን፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ ብርዳማ ግዛቶች ቤተሰብ ጋር የሚሄዱ ልጆች አሉን። ብዙዎቹ በረዶ የሚያውቁት ከሰማይ ሲወርድ፣ ቢበዛ ሰሜን ተራሮች ላይ በማለዳ እንደ መስታወት የረጋ ስስ ውርጭ ነው። እዚያ ሲደርሱ ሐይቅ ሙሉ ሜዳ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፣ የአገሬው ልጆች ይንሸራተቱበታል። ከመሄዳቸው በፊት ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ።

ሐይቅ እስከ ወለሉ አይረጋም። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን ስለሆነ፣ ከዚያ ይበልጥ የቀዘቀዘው ውሃ ከላይ ቀርቶ ገጹ ብቻ ይረጋል፤ ከሥሩ ፈሳሽ ውሃ አለ። የበረዶው ውፍረትም ወጥ አይደለም። ጅረት በሚገባበት፣ በድልድይ ሥር፣ ሸንበቆ ባለበት ስስ ነው፤ አመዳይ ከሸፈነው ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ለሰው መራመጃ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ በረዶ ያስፈልጋል ይባላል፤ ነጭና ደመናማ በረዶ ደግሞ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ነው። ይህን የሚለካው ግን አዋቂ ነው። የልጁ ሕግ አንድ ነው፦ የሚያውቅ አዋቂ አብሮት ሳይኖር በረዶ ሐይቅ ላይ እግሩን አያሳርፍም፤ ኳስ ወይም ውሻ ቢገባም አይከተልም። ጀሪካን ላይ የገባችሁት ቃል ኪዳን እዚያም ይሠራል።

ከሥሩ ቢሰበርበት፦ የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ማረጋጋት ብቻ ነው፣ ቅዝቃዜው ያስለከልከዋልና። ከዚያ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ወደ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ወደ መጣበት አቅጣጫ ይዙር፤ ያ በረዶ ክብደቱን ችሎ ነበር። ካፖርቱን አያውልቅ፤ ውስጡ የታሰረው አየር ያንሳፍፈዋል። ክንዶቹን በረዶው ላይ ዘርግቶ፣ እግሩን ወደ ኋላ እያቀና በኃይል እየመታ በደረቱ ይንሸራተት። ሲወጣ አይቁም፤ እየተንከባለለ ይራቅ። ጓደኛው ከሆነ የገባው ያው የለመደው ነው፤ ጩኽ፣ ተኝተህ ዘርጋ፣ ወርውር፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥር ደውል። ሰሜን አሜሪካ 911 ነው፣ ስዊድን 112።

ከመሄዱ በፊት ሳሎን ውስጥ ሁለት ፍራሽ አጠጋግታችሁ በመካከላቸው ቀዳዳ ሥሩ። ልጁ ቀዳዳው ውስጥ ተንበርክኮ ክንዱን ዘርግቶ፣ እየመታ፣ በደረቱ ይውጣና እስከ ግድግዳው ይንከባለል።